ጀልባ ከነካፒቴኑ መከራየት በእርግጥ ስንት ያስወጣል?

ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ ተከራይቶ ላሊበላ ወይ ኦሞ የሄደ ሰው የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያውቀዋል። የቀን ኪራዩን ትስማማላችሁ፣ በዋጋው ደስ ይላችኋል፣ ልትለያዩ ስትሉ ባለመኪናው "ነዳጅ በእናንተ ነው እንግዲህ" ይላል። ከዚያ የሹፌሩ አበል አለ። ከዚያ ጎማ ቢተነፍስ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ አንድ ቀን ቢጨመር። ጀልባም ሕጉ ይሄው ነው። ዜሮዎቹ ይበዛሉ እንጂ።

እኔ የተማርኩት በውርደት ነው። ስምንት ሆነን፣ አራት ባልና ሚስት፣ ከአቴንስ የሚነሳ ካታማራን ለአንድ ሳምንት ልንከራይ ተስማማን። ካታማራን ማለት ሁለት ቀፎ ያለው ሰፊ የሸራ ጀልባ ነው፤ ብዙም አይወዛወዝም፣ ባሕር ለሚያስፈራው ሰው ጥሩ ነው። ገንዘብ ሰብሳቢ እኔ ተባልኩ። እቁብ ሰብስቤ አውቃለሁ፣ ምን ይከብዳል አልኩ። ድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን 24,000 ዩሮ ለስምንት አካፈልኩ፣ "በሰው 3,000፣ አለቀ" ብዬ ለሁሉም ላክሁ። ሁሉም ከፈለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውሉ ሲመጣ ከታች በትንሽ ፊደል የተደረደሩት ነገሮች ተደምረው ሌላ 11 ሺህ ዩሮ ገደማ ሆኑ። ሁለተኛ ዙር መዋጮ ለመጠየቅ ስልክ ስደውል የጓደኞቼ ድምፅ እንዴት እንደተቀየረ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አንዷ "ስንት ነው የተረፈህ?" ብላ ቀለደች። ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙ፦ ሜዲትራኒያን ላይ የተጻፈው ዋጋ 1 ከሆነ የምትከፍሉት 1.5 አካባቢ ነው። መዋጮ ስትሰበስቡ በ1.5 አስሉ። የሚተርፍ ካለ መመለስ ደስ ይላል፤ መጨመር ነው የሚያጣላው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። መጀመሪያ የምታወሩት ስለ የትኛው ኪራይ እንደሆነ እወቁ። ባዶ ጀልባ መከራየት አለ፤ ያ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው ነው፣ ራሳችሁ ትነዳላችሁ። ካፒቴን ብቻ ጨምሮ መከራየትም አለ፤ ምግብ ማብሰሉና ሳህን ማጠቡ የእናንተ ነው። ሦስተኛው ከነሙሉ ሰራተኛው ነው፦ ቢያንስ ካፒቴንና አብሳይ፣ ከፍ ሲል አስተናጋጅ፣ የመርከብ ረዳት፣ መካኒክ እያለ ይቀጥላል። እዚህ የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው። የሁለተኛውን ዋጋ አይቶ ሦስተኛውን ያገኘ የመሰለው ሰው አጋጥሞኛል፣ ጀልባው ላይ ሲደርስ ምሳ የሚያቀርብለት ሰው እየጠበቀ።

ዋናው ኪራይ ጀልባውን ራሱን፣ የሰራተኞቹን ደመወዝና ምግብ፣ የጀልባውን ኢንሹራንስ ይይዛል። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ማሽኖቹ ሁሉ እንዲሰሩ ማድረግ የባለቤቱ ጣጣ ነው። ጀልባው ላይ ያሉት መጫወቻዎችም፣ ካያክ፣ ፓድል ቦርድ፣ የመዋኛ መነጽር ምናምን፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ውስጥ ናቸው። ጄት ስኪ ካለ ነዳጁ ለብቻ ነው፣ ደግሞም ለመንዳት ፈቃድ የሚጠይቁ አገሮች ስላሉ "አለ" ሲሏችሁ "እኛ መንዳት እንችላለን ወይ?" በሉ። ሌላ የሰው ቁጥር ነገር አለ። የተለመዱት የኪራይ ጀልባዎች የቱንም ያህል ቢረዝሙ ከ12 እንግዳ በላይ አይጭኑም፤ ከ12 ካለፈ በሕግ የመንገደኛ መርከብ ይሆናልና ሌላ ዓለም ነው። "አስራ አራት ነን፣ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው" ብላችሁ አትከራከሩ፣ ሕፃንም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጠረው።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉንም ሰው የሚያደናግረው ነው። በጀልባ ሰፈር ኤፒኤ ይሉታል። መሥሪያ ቤት የሰራ አበሻ ግን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፦ ለመስክ ስትወጡ የሚሰጣችሁና ስትመለሱ በደረሰኝ የምታወራርዱት ገንዘብ ማለት ነው። እዚህ የሚያወራርደው ካፒቴኑ ነው፣ ገንዘቡ የእናንተ። ከጉዞው በፊት ከኪራዩ የተወሰነ ከመቶ ትልካላችሁ። ካፒቴኑ በዚያ ነዳጅ ይሞላል፣ ምግብና መጠጥ ይገዛል፣ የወደብ ይከፍላል፣ ወደብ ላይ ለሚጠቀሙት መብራትና ውሃ ይከፍላል፣ ኢንተርኔት ካስፈለገ ይገዛል። ለሸራ ጀልባ ከ20 እስከ 30 ከመቶ፣ ለሞተር ጀልባ ከ25 እስከ 40 ከመቶ ድረስ ይጠይቃሉ። ከተረፈ ይመለሳል፣ ካነሰ ትጨምራላችሁ። ካፒቴኑ በዚህ ገንዘብ ላይ ትርፍ መጫን የለበትም፤ ዓሣውን በ40 ከገዛ በ40 ነው የሚጻፈው። በየሁለት ሦስት ቀኑ "እስካሁን ስንት ወጣ?" ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ካፒቴን ሳትጠይቁት ወረቀቱን ያመጣል።

ከኤፒኤ ውስጥ ትልቁ አፍ ነዳጅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወጪውን በእጃችሁ የምትቆጣጠሩት እዚህ ስለሆነ። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ እስከ ሚኮኖስ ደሴት 94 የባሕር ማይል ገደማ ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና 174 ኪሎ ሜትር በሉት። 25 ሜትር ገደማ የሚሆን ፈጣን የሞተር ጀልባ በሰዓት 22 ማይል ሲሮጥ 400 ሊትር በሰዓት ቢጠጣ አይግረማችሁ። ከአራት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፣ 1,700 ሊትር አለፈ። ሊትሩን 1.80 ዩሮ ብለን ብንይዝ 3,000 ዩሮ ሆነ፣ ያውም መሄጃው ብቻ። ካታማራኑ ደግሞ በሞተር በሰዓት 8 ማይል እየተጓዘ፣ ሁለቱም ሞተሮቹ ተደምረው 20 ሊትር ገደማ ቢወስዱ፣ አስራ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ግን ነዳጁ ከ450 ዩሮ አያልፍም። ንፋስ ካገኘና ሸራ ከዘረጋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ፈጣኑን ጀልባ የተከራየ ሰውም ቢሆን ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንስ ለያንዳንዱ ማይል የሚያቃጥለው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ካፒቴኑን "በዝግታ ብንሄድ ስንት ይተርፈናል?" በሉት። ይሄን ሲጠየቁ ደስ የሚላቸው ካፒቴኖች ናቸው እኮ ያሉት፣ ራሳቸውም መጋለብ አይወዱም። ጀነሬተሩንም አትርሱ። ጀልባው ቆሞም ኤር ኮንዲሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰራ ነዳጅ ይጠጣል። ሴፕቴምበር ላይ መስኮት ከፍቶ መተኛት ይቻላል፣ ኦገስት ላይ ግን አትሞክሩት።

የመንገዱ ምርጫ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሁሉም ሰው ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ይላል፣ ፎቶ ስላየ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ኤጂያን ባሕር ላይ ሜልተሚ የሚባል የሰሜን ንፋስ አለ። ሲነሳ ለቀናት አያባራም። ወደ ደሴቶቹ ስትወርዱ ከኋላችሁ ሆኖ ይገፋችኋል፣ ወደ አቴንስ ስትመለሱ ፊት ለፊት ነው፤ ነዳጁም ጨጓራውም የሚያልቀው ያኔ ነው። ካፒቴኑ "ዛሬ አንወጣም" ካለ አለቀ፣ ቃሉ የመጨረሻ ነው፣ የቆማችሁበት ቀንም አይመለስላችሁም። እኛ የሄድነው ሳሮኒክ ወደሚባለው ቅርብ ሰፈር ነው። ኤጊና ከፒሬየስ 17 ማይል፣ ሂድራ 37 ማይል ገደማ። ሂድራ መኪና የማይገባባት ደሴት ናት፣ ዕቃ የሚጫነው በአህያና በበቅሎ ነው። አንዱ ጓደኛችን የተጫነች በቅሎ ሲያይ "በዩሮ ከፍዬ ገጠር መጣሁ" አለ። ሳንቶሪኒ ደግሞ ያ የሚያምረው ገደል ሥር ያለው ውሃ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ መልሕቅ እንደ ልብ አይጣልበትም። በጀልባ ከመሄድ በአውሮፕላን ሄዶ ሆቴል ማደር ይሻላል ባይ ነኝ።

ምግብ። ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ የምርጫ ቅጽ ይልኩላችኋል፦ ምን ትበላላችሁ፣ ምን አትበሉም፣ ምን ትጠጣላችሁ፣ ልደት ያለው አለ ወይ። ብዙ ሰው "ሁሉንም እንበላለን" ብሎ ይልካል። አታድርጉት። አብሳዩ ሳታውቁት ሎብስተርና ውድ ወይን ገዝቶ ፍሪጁን ይሞላል፣ የሚከፈለውም ከእናንተ ኤፒኤ ነው። "ወይን ከአካባቢው፣ ጠርሙሱ ከ15 ዩሮ አይብለጥ" ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይስቅባችሁም። የግሪክ የቤት ወይን ደግሞ አያሳፍርም።

ጾመኛ ካላችሁ ይሄን ስሙ። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ልክ የጀልባው ዋጋ ሰማይ በሚነካበት ወቅት። ደግነቱ ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ለእመቤታችን ከኦገስት 1 እስከ 14 ይጾማሉ። ለአብሳዩ "ኒስቲሲሞ" ብትሉት የጾም ምግብ ማለታችሁ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ምስርም፣ ሽምብራም፣ በዘይት የተሰራ ባሚያም ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ አስረዱት፦ እነሱ ጾም ላይ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ይበላሉ። የእናታችሁ ሳህን ላይ እግሩ የበዛ ነገር ከመቅረቡ በፊት አስቀድማችሁ ጻፉ። ከቤት ስንቅ የምትይዙ ከሆነ በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም፣ ቋንጣና የአገር ቤት ቅቤ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል። ጀበና ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ከሰሉንና እጣኑን ግን ርሱት። ፋይበር ጀልባ ላይ ፍም የሚፈቅድ ካፒቴን የለም፣ የኛው ዕጣኑን ገና ሳንለኩሰው ከየት እንደመጣ ሳናውቅ አጠገባችን ቆሞ ነበር።

የወደብ ክፍያ እንደ ቦታው ነው። ትንንሾቹ የግሪክ ወደቦች ብዙ አያስከፍሉም። የጣሊያኖቹ ካፕሪና ፖርቶ ቼርቮ፣ የፈረንሳዩ ሳን ትሮፔ በኦገስት ለአንድ ሌሊት በመቶዎች፣ ለትልልቅ ጀልባ በሺዎች ዩሮ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወደብ ከመግባት ጥግ ይዞ መልሕቅ ጥሎ ማደር። አብዛኛው ቦታ ነፃ ነው፣ ጠዋት ከአልጋ ተነስታችሁ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ነው። ከሰባቱ ሌሊት ሁለቱን ብቻ ወደብ ብታድሩ ይበቃል።

ቫት ከኪራዩ ላይ ነው የሚታሰበው፣ መጠኑም የምትነሱበት አገር ነው የሚወስነው። መደበኛው ቫት በጣሊያን 22፣ በፈረንሳይ 20፣ በስፔን 21፣ በግሪክ 24፣ በክሮኤሺያ 25 ከመቶ ነው። ግን ለጀልባ ኪራይ ዝቅ ያለ ሂሳብ የሚሰራባቸው አገሮች አሉ፤ ክሮኤሺያ ለምሳሌ 13 ታስከፍላለች። ይሄ ሕግ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ባለፈው ዓመት ከሄደ ሰው አትስሙ። በጽሑፍ "ቫቱ ስንት ከመቶ ነው፣ በምን ላይ ነው የሚታሰበው?" ብላችሁ ጠይቁ። 50 ሺህ ዩሮ ላይ በ13ና በ22 መካከል ያለው ልዩነት 4,500 ዩሮ ነው፣ ጥሩ ላፕቶፕ ተገዝቶ መልስ ይተርፋል።

ማድረሻ የሚባል አለ። ጀልባው ሌላ ቦታ ካለና እናንተ ወዳላችሁበት እንዲመጣ ከፈለጋችሁ፣ ወይም ከአቴንስ ተነስታችሁ ሚኮኖስ ላይ ወርዳችሁ ካፒቴኑ ባዶውን እንዲመለስ ካደረጋችሁ፣ የነዳጁም የቀኑም ሂሳብ ወደ እናንተ ይመጣል። ኮንትራት ታክሲ ይዛችሁ ከከተማ ወጣ ስትሉ "ባዶዬን ነው የምመለሰው" እንደሚላችሁ ሹፌር ነው። ለማስቀረት ጀልባው ካለበት ተነሱ፣ እዚያው ውረዱ። ሌላ ብልሃት የለውም።

ቲፕ ላይ ትልቅ ክርክር አድርገናል። በቋንቋችን ጉርሻ ስለሚባል ነው መሰለኝ ሁሉም ሰው በፍቅር፣ በዘፈቀደ የሚሰጥ ይመስለዋል። ውሉ ላይ ግዴታ አይደለም፣ እውነት ነው። በሜዲትራኒያን የተለመደው ግን ከዋናው ኪራይ ከ5 እስከ 15 ከመቶ ነው፤ በካሪቢያን ከ15 እስከ 20 ነው፣ አሜሪካኖቹ ያስለመዱት። ከአሜሪካ የሄድነው 20 ካልሰጠን ኃጢአት የመሰለን ነበርን፣ ከጀርመን የመጡት ጓደኞቻችን ደግሞ 5 አሉ። 10 ላይ ተገናኘን። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ቲፑን ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ አስገቡ፣ እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ሰራተኞቹ ከእናንተ ቀድመው ተነስተው ከእናንተ በኋላ የሚተኙ ሰዎች ናቸው፣ የሚያድሩበትን ጠባብ ክፍል ያየ ሰው ብዙ አይከራከርም። በመጨረሻው ቀን በፖስታ ለካፒቴኑ ነው የሚሰጠው፣ እሱ ለሁሉም ያካፍላል። ለምትወዷት አስተናጋጅ ለብቻዋ በጎን መስጠት ደግ ቢመስልም ሰራተኞቹን ያጣላል። ጥሬ ገንዘብ ስትይዙ አንድ ነገር አስቡ፦ 10 ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ሰው ማስመዝገብ አለበት፣ ከአሜሪካ ሲወጣም ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይመዘገባል። የስምንቱንም መዋጮ አንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ።

እንግዲህ እንደምር። ኪራይ 24,000። ኤፒኤ 25 ከመቶ፣ 6,000። ቫት 13 ብለን እንያዝ፣ 3,120። ቲፕ 10 ከመቶ፣ 2,400። ጠቅላላ 35,520 ዩሮ። ለስምንት ሲካፈል በሰው 4,440፣ ለባልና ሚስት 8,880። አውሮፕላን የለበትም። ከመነሳታችሁ በፊት ያለችው የአቴንስ ሆቴል አዳርም የለችበትም፤ በረራ ቢዘገይ ጀልባው እየጠበቃችሁ ሂሳቡ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ድረሱ። እኔ 3,000 ብዬ ነበር እንግዲህ የላክሁት።

ይሄ ሁሉ ማወራረድ የማይመቸው ሰው ካሪቢያንን ይይ። በተለይ የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች ላይ ከነሰራተኛው የሚከራዩት ካታማራኖች አብዛኞቹ "ሁሉንም ያካተተ" ናቸው፦ ምግብ፣ መደበኛ መጠጥ፣ ነዳጅ፣ መጫወቻ ሁሉ በአንድ ዋጋ፣ ያውም በሰው ቁጥር የተሰላ። 28,000 ዶላር ከተባለ ቲፕ 18 ከመቶ፣ 5,040 ትጨምሩና 33,040 ሆነ፤ ጥቃቅን የፓርክና የመግቢያ ክፍያ ሊኖር ይችላል፣ በቃ። ግማሽ ምግብ ብቻ ያለበት ርካሽ አማራጭም አለ፣ ግማሹን እራት ወደ ደሴቶቹ ምግብ ቤቶች እየወረዳችሁ ትበላላችሁ። ግን እዚያ ደሴት ላይ እራት ርካሽ አይደለምና የሚተርፈው ነገር ትንሽ ነው። ወቅቱን ደግሞ እዩ፦ የአውሎ ነፋስ ወራቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ገናና የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ደግሞ እጅግ ውዱ ሳምንት ነው። እንግዲህ የተጻፈውን ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ ግሪክን "24 ሺህ"፣ ካሪቢያንን "28 ሺህ" ብሎ ማወዳደር ትርጉም የለውም። አንዱ ሽሮ ብቻውን ነው፣ ሌላው ከነእንጀራው። ቱርክና ክሮኤሺያ ላይ ያሉት ጉሌት የሚባሉ የእንጨት ጀልባዎች ደግሞ መሃል ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹ በቀን አራት ሰዓት ጉዞ ከነነዳጁ ኪራዩ ውስጥ ያስገባሉ፣ ምግብ በሰው ታስቦ ለብቻ ይከፈላል።

ለመቆጠብ የሚሰራው ነገር ጥቂት ነው። ወቅት መቀየር አንደኛ ነው፦ ሜዲትራኒያን ላይ ከጁላይና ኦገስት ይልቅ ሜይ መጨረሻ ወይም ሴፕቴምበር። ሴፕቴምበር ላይ ባሕሩ ጁላይና ኦገስትን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ለብ ብሎ ይጠብቃችኋል፣ ዋጋው ግን ወርዷል። ሁለተኛ፣ ከፈጣን ሞተር ይልቅ ካታማራን። ሦስተኛ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ግን የታደሰ ጀልባ፣ ሰራተኞቹ ለዓመታት የቆዩበት። አብሳይ ጥሩ ከሆነ ሶፋው የ2012 ይሁን የ2022 ሁለተኛ ቀን ላይ ማንም አያስታውስም። ዋጋ መከራከርም ይቻላል፣ በተለይ ጉዞው ሲቃረብና ሳምንቱ ባዶ ሲሆን። ኤፒኤውን ዝቅ አድርጉልን ማለት ግን ቁጠባ አይደለም፣ ያው የእናንተው ገንዘብ ነው፣ መሃል መንገድ ላይ ጨምሩ ይሏችኋል።

ደላላ ይዛችሁ መሄድ ይሻላል። ደላላ ሲባል ኮሚሽን ከእናንተ የሚቆርጥ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ሥራ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ባለጀልባው ነው፣ ዋጋው ለእናንተ ብዙ አይለይም። ጥሩ ደላላ ጀልባዎቹን ገብቶ ያየ፣ ሰራተኞቹን በስም የሚያውቅ ነው። ፎቶ ብቻ የሚልክላችሁን ተዉት። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ማይባ የሚባለው ነው፤ ማይባ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተ የጀልባ ደላሎች ማኅበር ነው፣ ውሉ ሜዲትራኒያን ላይ እንደ መደበኛ ይቆጠራል። "ሁሉም ወጪ ለብቻ" የሚል ሐረግ ካያችሁበት እስካሁን ያወራነው በሙሉ እናንተ ላይ ነው ማለት ነው። ሲፈረም ግማሹን ቀብድ ትከፍላላችሁ፣ ቀሪው ከኤፒኤና ከቫት ጋር ከጉዞው አራት ሳምንት ገደማ በፊት ይገባል። ቀብዱ ብትቀሩ አይመለስም፤ ስለዚህ የጉዞ መሰረዣ ኢንሹራንስ ቀብድ በከፈላችሁበት ሳምንት ግዙ። በዶላር የምታስቡ ከሆነ በሁለቱ ክፍያዎች መካከል ምንዛሪው ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ትንሽ መጠባበቂያ ያዙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የባንክ ሂሳብ ቁጥር በኢሜይል ሲመጣላችሁ ዝም ብላችሁ አትላኩ። ኢሜይል ውስጥ ሰርገው ገብተው "ሂሳባችን ተቀይሯል" የሚሉ ሌቦች አሉ። ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነብቡ።

ከአገር ቤት ወይም ከዐረብ አገር በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚቀላቀላችሁ ሰው ካለ ሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። ዋናው ወጪ ግን እሱ አይደለም፣ ቪዛው ቢከለከል የሚቃጠለው የጀልባ ድርሻ ነው። ቀጠሮ ቀድማችሁ ያዙ፣ ውሉ ላይ ስሙ እንዲገባም አድርጉ፣ ማስረጃ ይሆነዋል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ከግሪክ ደሴቶች ቱርክ ቅርብ ናት፣ ከኮስ ቦድሩም በዓይን ይታያል፣ ካፒቴኑም "ምሳ ቱርክ እንብላ?" ሊል ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ያለው ሰው ከወጣ ወደ ግሪክ መመለስ አይችልም። የምሳው ወጪ የአዲስ አውሮፕላን ትኬት ሆነ ማለት ነው።

በመጨረሻው ጠዋት ቁርስ ተነስቶ ካፒቴኑ በፕላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ዓሣ፣ ነዳጅ፣ የሂድራ ወደብ፣ በረዶ፣ ለአንዱ ጓደኛችን ሦስተኛ ቀን ላይ የተገዛ የባሕር ማቅለሽለሽ ክኒን ሳይቀር። ከ6,000 ውስጥ 410 ዩሮ ተመለሰልን። በሰው 51 ዩሮ ከምናምን ነው። ለእያንዳንዳቸው ልሰጥ ስል ማንም እጁን አልዘረጋም፣ ያቺ "ስንት ነው የተረፈህ?" ያለችው ብቻ ድርሻዋን ተቀብላ ቆጠረችው። በቀረው ወደ ኤርፖርት የወሰዱንን ሁለት ታክሲዎች ከፈልኩ።